መደብ ሥጋ የተያዘባት ብስክሌት

ባለፈው ሳምንት ከሰዓት በኋላ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ሳነብ፣ ጣሪያዋ ላይ ድምፅ ማጉያ የታሰረባት ባጃጅ በሰፈራችን አለፈች። «ለጊፋታ! ለመስቀል! ዛሬ ይውሰዱ፣ ቀስ ብለው ይክፈሉ!» ትላለች። ቴሌቪዥን፣ ኪቦርድ፣ ካሜራ፣ ብስክሌት፤ ዝርዝሩ ማለቂያ የለውም። ሶዶ በዚህ ወቅት እንዲህ ናት። ዝናቡ ሊያባራ ሲል፣ የዳሞታ ተራራ ራሱ ላይ የጠመጠመውን ደመና መፍታት ሲጀምር፣ ሰው ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ያልነበረው ገንዘብ በድንገት ያለው ይመስለዋል። ባጃጇ ጥጉን ስትታጠፍ አፌ ውስጥ የቅቤ ጣዕም መጣ። ምራቄን ዋጥኩ። አልሄደም።

ያው ቀን አመሻሽ ላይ ጎረቤቴ ዶክተር አንዱዓለም መጣ። ከጎጃም ተመድቦ እዚህ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው። ሚስት የለው፣ መጠጥ የለው፤ ያለችው አመል ወፍ ማየት ብቻ ናት። ለዚህ የሚሆን ሌንሱ እንደ ክንድ የረዘመ ካሜራ ተመኝቷል። ሱቁ በዱቤ እንደሚሰጠው፣ ዋስ ግን እንደሚፈልግ ነገረኝና የታጠፈ ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ብዙ ያነበቡ ሰው ነዎት። ልቆጥብ ወይስ በዱቤ ልውሰድ?»

«ወፎቹ አይጠብቁህም?»

«ወፎቹስ ይጠብቁኛል። ዝውውሬ ነው የማይጠብቀኝ።»

«እስኪ እስከ ነገ ላስብበት» አልኩት። እሱ ሄደ፣ ቅጹ ቀረ፣ ቅቤውም ቀረ።

በዚህ ጉዳይ እኔን ማማከር ልማድ እየሆነ ነው። በሰፈሩ ቆጣቢ በመባል ታውቄያለሁ። አንድ ጊዜ እንዲያውም ለወጣቶች ስለ ቁጠባ ባህል ንግግር እንዳደርግ ተጋብዤ፣ ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ቀርቻለሁ። ጉንፋን አልነበረብኝም። ዱቤ ያስጠላኛል፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ቁጠባም ያስጠላኛል ስል ግን ሰዎች ቀልድ መስሏቸው ይስቃሉ። ከሁለቱ ይበልጥ የሚያስጠላኝ የትኛው እንደሆነ ልናገር።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር፤ ሥራውን ያገኘሁት በእጅ ጽሑፌ ነው። አያቴ ከሰሜን ከአንድ ሹም ጋር ጸሐፊ ሆነው የመጡ ሰው ናቸው። መሬታቸው በአዋጅ ሲሄድ ለቤተሰቡ የተረፈችው ይህች ጽሑፍ ብቻ ናት፤ ክብ ክብ ያለች፣ አንገቷን ቀና ያደረገች፣ የምትጽፈው ነገር ምንም ቢሆን የምታምር።

ጓደኛዬ ማርቆስ መምህር ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ በአረካ መንገድ ዳር፣ እንሰት የከበበው ቤት ውስጥ ከእናቱ ከእማማ ቦጋለች ጋር ይኖር ነበር። ሁለታችንን ያገናኘን ብስክሌት ነው። በልጅነታችን ኳስ ሜዳው አጠገብ አሮጌ ብስክሌቶችን በግማሽ ሰዓት የሚያከራይ ሰው ነበር። ሳንቲም አዋጥተን አንዷን እንከራያለን፤ አንዱ ሲነዳ አንዱ ከኋላ ይሮጣል። የአከራዩ ሰዓት ከሌላው ዓለም ሰዓት ፈጥና ትሄድ ነበር። ሰው ትልቅ ሲሆን እንዲህ ያለውን ነገር ይተዋል፤ እኛ አልተውንም። ደመወዝተኛ ከሆንን በኋላም ወሬያችን ስለ ማርሽና ስለ ዳገት ነበር፤ ሌሎች ስለ ሴትና ስለ ፖለቲካ ሲያወሩ እኛ ስለ ብስክሌት ካቴና።

አንድ ቀን የመለዋወጫ ነጋዴው ጋሽ ንጉሤ ከአዲስ አበባ አንዲት ኮርስ፣ የእሽቅድምድም ብስክሌት፣ አምጥተው ሱቃቸው ውስጥ ሰቀሉ። ሰማያዊ ናት። መሪዋ እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠቀለለ፣ ጎማዋ የጣት ውፍረት ያለው፣ በአንድ እጅ የምትነሳ። ዋጋዋ ከስድስት ወር ደመወዜ ይበልጣል። ሁለታችንም ቆመን አየናት፤ ጋሽ ንጉሤ «በዓይን መንካትም ይከፈልበታል» እስኪሉን ድረስ።

እኔ መቆጠብ ጀመርኩ። የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ክዳኑን ቀድጄ አልጋዬ ሥር አስቀመጥኩ። ስለ ቁጠባ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ክፍል ሲያሳምሩት አያለሁ፤ ትዕግሥት፣ ራስን መግዛት፣ ሌላም ሌላም። እኔ የማስታውሰው ሰበብ ነው። መቆጠብ ማለት ሳያቋርጡ ሰበብ መፍጠር ማለት ነው። ባልደረቦቼ ምሳ ሲወጡ ሆዴን አሞኛል። ለሠርግ መዋጮ ሲመጣ ደመወዝ አልወሰድኩም። እህቴ ለትምህርት ቤት ጫማ ስትጠይቀኝ «በሚቀጥለው ወር» እላታለሁ፤ የሚቀጥለው ወር ሲመጣም ያንኑ። ቆርቆሮው በከበደ ቁጥር ጨዋ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ማርቆስ ይስቅብኛል። «አንተ ሰውዬ፣ ቆርቆሮህ ሲሞላ ጉልበትህ ያልቃል። በከዘራ ነው የምትነዳት?»

«አንተስ በምን ትነዳታለህ?»

«በዱቤ ነዋ!»

ቀልድ መስሎኝ ነበር። ዓመት ያህል ከቆጠብኩ በኋላ፣ በጥር አንድ ጠዋት ሱቁ ይዞኝ ሄደ። ከደመወዙ በየወሩ ሊከፍል ከጋሽ ንጉሤ ጋር ተስማምቷል፤ የቀረው ዋስ ብቻ ነው። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

እዚህ ላይ ንግግር አደረግኩ። ያነበብኩትን ሁሉ አወጣሁት። ዋስትና ጓደኝነትን እንደሚያበላሽ፣ ያልሠሩበትን ገንዘብ መብላት የነገን ጉልበት መብላት እንደሆነ ተናገርኩ። ማርቆስ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ጋሽ ንጉሤ ጥርሳቸውን እየፋቁ ነበር። ስጨርስ የሁለቱም ፊት ቀዝቅዞ አየሁ፤ እንዲሁ እምቢ ብዬ መውጣትም ከበደኝ። ያን ጊዜ ብልህነቴ መጣ።

«ጋሽ ንጉሤ፣ ማርቆስ ከዋስ የሚሻል ነገር አለው» አልኩ።

«ምን አለው?»

«የጊፋታ መደብ።»

ጊፋታ የወላይታ አዲስ ዓመት ነው። ጎረቤታሞች ለጊፋታ በሬ ዓመቱን ሙሉ በጋራ ያዋጣሉ፤ አርደው እኩል መደብ ይካፈላሉ። ሴቶቹም በበኩላቸው ቅቤ በእቁብ ያጠራቅማሉ። ሰው የቤት ኪራይ ሊያሳድር፣ የሕክምና ገንዘብ ሊያጣ ይችላል፤ የበሬውን መዋጮ ግን አያጎድልም። በጊፋታ ሥጋ የሌለበት ቤት፣ ሰው እንደሞተበት ቤት ነው የሚታየው። እንግዲህ እኔ የዚህ አገር ልጅ ነኝ፤ ይህን አውቃለሁ። ያሰብኩት እንዲህ ነው፦ መደቡን ያስያዘ ወላይታ ዕዳውን አያዘገይም። ስለዚህ መደቡ አይወሰድም። ስለዚህ ማንም አይጎዳም፤ በተለይ እኔ።

ጋሽ ንጉሤ ከት ብለው ሳቁ። «አንተ ልጅ ጠበቃ መሆን ነበረብህ!»

ማርቆስም ሳቀ። «ይሁን፣ ጻፈው። ሥጋዬን የሚበላብኝ ሰው ገና አልተወለደም!»

ውሉን ጻፍኩ። ዕዳው እስከ ጊፋታ ዋዜማ ተከፍሎ ካላለቀ ብስክሌቷ ለሻጭ ትመለሳለች፤ የተከፈለው አይመለስም፤ ለተነዳችበት ጊዜም ኪራይ የተበዳሪው መደብ ለሻጭ ይሰጣል። በሚያምር ጽሑፍ። ምስክር ሆኜም ፈረምኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት፣ ሳልዋሽ፣ በሕይወቴ ከነበሩኝ ጥሩዎቹ ናቸው። ማርቆስ እሁድ እሁድ ብስክሌቷን ይሰጠኝ ነበር። እሱ እየነዳ አረካ ይሄዳል፣ እኔ በሚኒባስ እከተላለሁ፤ እዚያ ገበያ ዳር ቆመን የተቀቀለ የቦዬ ሥር በሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ ዓይናችን እስኪያለቅስ እንበላለን፤ ስንመለስ እኔ እነዳለሁ፣ እሱ በሚኒባሱ መስኮት አንገቱን አውጥቶ «ማርሽ ቀይር፣ አንተ ደንቆሮ!» እያለ ይጮህብኛል። የበልጉ ዝናብ መንገዱን ቀይ ጭቃ ያደርገዋል፤ ጭቃው ከኋላ ጎማ ተነስቶ ጀርባችንን እስከ ማጅራታችን ይቀባናል። ልብ አድርጉልኝ፦ ዕዳው የእሱ ነበር፣ የሚያስነዳው ግን እኔንም ጭምር ነው። የእኔ ቆርቆሮ አልጋዬ ሥር ነበር። ማንንም አላስነዳም።

እስከ ሰኔ ድረስ ማርቆስ በወቅቱ ከፈለ። በሐምሌ አንድ ሌሊት በዘነበ በረዶ የእናቱ ቤት ጣሪያ ተቀደደ፤ የዚያ ወር ገንዘብ የጣሪያ ቆርቆሮ ሆነ። በነሐሴ ሁለቱም ጎማዎች አለቁ። አዲስ ገዛ። ይህን የሚያክል ጅልነት አይቼ አላውቅም ብዬ ተቆጣሁት፤ ሊወሰድበት ለሚችል ብስክሌት ጎማ ይገዛል?

«ታዲያ ባዶ እግሯን ላስሂዳት?» አለኝ።

የሁለት ወር ክፍያ ቀረ። በቆርቆሮዬ ውስጥ ከነበረው ሲሶው አይሆንም። እኔ አላነሳሁትም፣ እሱም አልጠየቀኝም። በጥር ያደረግኩት ንግግር በመካከላችን ቆሞ ነበር።

የዋዜማው ጠዋት እንደ ወትሮው እነማርቆስ ቤት ሄድኩ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ጊፋታን የምበላው እዚያ ነው። በሬው ታርዶ አልቋል። ግቢው ውስጥ ሰፋፊ የእንሰት ቅጠሎች ተነጥፈው ስድስት መደብ ተደርድሯል፤ ከየመደቡ እንፋሎት ይነሳል። ዕጣ ተጣጣሉ። ለማርቆስ ጥሩ መደብ ወጣለት፤ ከሽንጡ ደህና አድርጎ የደረሰው። ሰዎቹ «አንተ በሬውን አስቀድመህ አነጋግረኸዋል!» እያሉ ቀለዱበት። ያን ጊዜ ጋሽ ንጉሤ ከአንድ ሠራተኛቸው ጋር በበሩ ገቡ። በእጃቸው ወረቀት አለ። ሠራተኛው ባዶ ጆንያ ይዟል።

ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት አቶ ላሊሶ፣ ቢላዋቸውን በቅጠል እየጠረጉ፣ ምን እንደፈለጉ ጠየቋቸው።

«ሥጋ አጥቼ አይደለም የመጣሁት» አሉ ጋሽ ንጉሤ። «ቤቴ በግ ታስሯል። ግን ውል ውል ነው። ዛሬ ብተወው ነገ ማን ይከፍለኛል?»

«ውሉ ምን ይላል?»

ጋሽ ንጉሤ ዞር ዞር ብለው ፈለጉኝ። «የጻፈው ያውና። እሱ ያንብብላችሁ።»

ወረቀቱን ተቀበልኩ። አነበብኩት። ከላይ እስከ ታች፣ ሳልቸኩል፣ ነጥቡ ላይ እየቆምኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እንዲያውም፣ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ አንድ ቦታ ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር እንዴት አሳምሬ እንደሰካኋት ልብ ብዬ ነበር።

አቶ ላሊሶ በወላይትኛ ለሌሎቹ አንድ ነገር ተናገሩ። ከየመደባችን ቆርሰን እንስጠው፣ ቤቱ አይደር ባዶውን፣ ማለታቸው ነው። አራቱም ወዲያው ቢላዋቸውን አነሱ። ማርቆስ እጁን ዘርግቶ ከለከላቸው።

«ፈርሜያለሁ» አለ። «ይውሰዱት።» ወደ እኔ አላየም። ቢያየኝ ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ። ቢያየኝ ምን አደርግ ነበር? ቤቴ ከዚያ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው፤ በብስክሌት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ብስክሌቷ እዚያው ግድግዳው ላይ ተደግፋ ነበር። ጋሽ ንጉሤን «ቆይ፣ ይጠብቁኝ» ማለት ብቻ ነበር የሚፈለገው። ሐሳቡ መጣልኝ። መጣልኝና ቆርቆሮዬን አሰብኩት፤ ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ የሁለት ዓመት ረሃቤ፣ የእህቴ ጫማ ያለበት። ዝም አልኩ።

ሠራተኛው መደቡን ከነቅጠሉ እየጠቀለለ ጆንያ ውስጥ ከተተ። ጆንያው ሥሩ ቀላ፣ ከዚያ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ጋሽ ንጉሤ ብስክሌቷን ራሳቸው ይዘው ወጡ። አዲሶቹ ጎማዎች ግቢው ውስጥ ሁለት ቀጭን መስመር ጥለው ሄዱ።

እማማ ቦጋለች ይህን ሁሉ ከጓዳው በር ላይ ቆመው አይተዋል። ወደ እኔ መጥተው ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱት። ማንበብ አይችሉም። ጣታቸውን በመስመሮቹ ላይ ሄድ አደረጉት።

«ጽሑፍህ ቆንጆ ናት፣ ልጄ» አሉኝ።

በምጸት ቢሆን ይቀለኝ ነበር። በምጸት አልነበረም። ከዚያ አስገብተው አስቀመጡኝና ሙቹዋ አቀረቡልኝ፤ ከእንሰት የሚሠራ፣ በቅቤ የራሰ የበዓል ምግብ ነው፤ ከሥጋ ጋር ነው የሚበላው። ሥጋ አልነበረም። ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙት ቅቤ ግን ነበር፤ ለሥጋው የታሰበውም ሁሉ እዚያው ላይ ፈሷል። በእጄ ላይ ይወርዳል፣ ክርኔ ድረስ። «ብላ፣ ብላ» ይሉኛል። ማርቆስ አጠገቤ ተቀምጦ ይበላል። እኔም በላሁ። ጨረስኩት።

ቤቴ ስደርስ እናቴ ፊቷ በርቶ ጠበቀችኝ። ጠረጴዛው ላይ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ሥጋ አለ።

«ጋሽ ንጉሤ ላከልን። ‹ለጸሐፊው› ብሎ። እንዴት ያለ ሰው አክባሪ ነው!»

አልበላሁም ብል ደህና ሰው እመስል ነበር። በላሁ።

በኅዳር ቆርቆሮዬ ሞላ። ብስክሌቷ ያገለገለች በመሆኗ ጋሽ ንጉሤ ዋጋ ቀነሱልኝ፤ ጎማዎቹ አዲስ ስለሆኑ ግን ብዙ አልቀነሱም። በጥሬ ገንዘብ ከፈልኩ። «እንዲህ ነው ሰው!» ብለው ሱቅ ውስጥ ለነበሩት ሁሉ አሳዩኝ። ሁሉም አደነቁኝ።

የመጀመሪያው እሁድ ወደ አረካ ወጣሁ። ቀኑ ጥርት ያለ ነበር፤ የጤፉ ማሳ ቢጫ ሆኗል። ከከተማው ወጥቼ ብዙም ሳልርቅ ማርቆስን መንገድ ዳር ሻንጣ ይዞ ሚኒባስ ሲጠብቅ አገኘሁት። ቆምኩ። ዝውውር ጠይቆ ሃላሌ እንደተመደበ፣ ዘመዶቹን ሊሰናበት አረካ እየሄደ እንደሆነ ነገረኝ። እሱ ጎንበስ ብሎ የኋላውን ጎማ ጫን ጫን አደረገ፣ ፍሬኑን ሳብ አድርጎ ለቀቀው።

«የኋላ ፍሬኑ ይላላል። ዳገቱን ስትጨርስ አጥብቀው» አለኝ።

ሚኒባሱ መጣ። ገባ። አንገቱን በመስኮት አላወጣም። እኔ አረካ ሳልደርስ ተመለስኩ። ፍሬኑን አላጠበቅኩትም፤ ከዚያ በኋላ ብስክሌቷን ሦስት ጊዜ ብነዳት ነው። አሁን ከቤቴ ጀርባ ዕቃ ቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች። ቀንዶቿ ላይ ዶሮዎች ያድሩባታል። ማየት ስለማልወድ ዕንቁላል የሚያወጣው ሌላ ሰው ነው።

ስለ ዱቤ የሚሰበከው ሁሉ እውነት ነው፤ ሰውን በበዓል ቀን በጎረቤቶቹ ፊት ያራቁታል። ስለ ቁጠባ የሚሰበከው ግን ግማሹ ቀርቷል። እማማ ቦጋለችም ቆጣቢ ነበሩ። ቅቤያቸው በዓመት አንድ ቀን ይከፈታል፣ ደጃፉን የረገጠ ሁሉ ይበላበታል፤ ውል አንብቦ የመጣው እንኳ። የእኔ ቆርቆሮ አንድ ቀን መከፈት ሲገባው አልተከፈተም። ሰዎች ይህንን ነው እንግዲህ ጠንካራነት ብለው ለወጣቶች አስተምር የሚሉኝ። ያስታውከኛል።

ቅጹን በተወልኝ ማግስት ዶክተሩ ተመልሶ መጣ። ቅጹን ዘርግቼ አነበብኩት፤ እያንዳንዷን መስመር፣ በደቃቁ የተጻፈውንም ጭምር።

«ምን አስያዝክ?»

«ምንም፣ ጋሼ። የእርስዎን ፊርማ ብቻ።»

«እናትህ የት ናቸው?»

ግራ ገባው። «ደብረ ማርቆስ ናቸው። ምነው?»

«ካልከፈልክ ወደ እኔ ነው የሚመጡት?»

«ወደ እርስዎ። ግን እከፍላለሁ፣ በእውነት—»

«ባትከፍልም ግድ የለም» አልኩት። ደግነት መስሎት ዓይኑ ረጠበ። ደግነት አልነበረም። የሁለት ወር ክፍያ ነው፣ የዘገየ፣ ለተሳሳተ ሰው የሚከፈል። እማማ ቦጋለች ከሞቱ ቆይተዋል። ማርቆስ ከዚያች ሚኒባስ ወዲህ አላገኘኝም፤ እኔም ሃላሌ ድረስ መንገድ እንዳለ አውቃለሁ።

እስክሪብቶዬን አወጣሁ። ስሜን ሞላሁ፣ አድራሻዬን ሞላሁ፣ «ዕዳውን ለመክፈል ዋስ ሆኛለሁ» የሚለውን በእጅ መጻፍ ስላለብኝ ጻፍኩት፣ ፈረምኩ። ዶክተሩ ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ ብርሃን አስጠጋው።

«ጋሼ! ጽሑፍዎ እንዴት ቆንጆ ነው!»

«ሂድ ወፍህን አንሳ» አልኩት። ወጥቶ እስኪርቅ ጠበቅኩ። ከዚያ ጓሮ ገብቼ፣ በጣሳ ውኃ ቀድቼ፣ አፌን ደጋግሜ ተጉመጠመጥኩ።